ሰባት ሜትር ከሠላሳ ሁለት

ሰኞ ጠዋት የምንታምር የፊዚክስ ውጤት ሲወጣ የዘቢደር ጎል በአንድ ክንድ ሰፋ።

ዘቢደር በሰዓቱ ጎሉ ውስጥ ቆማ ትለማመድ ነበር። የግራው ቋሚ ከሥሩ ጓ አለና በሐዲዱ ላይ እየተንፏቀቀ ከአጠገቧ ራቀ። አግዳሚው ተከትሎት ተለጠጠ፤ መረቡም ተወጠረ። ዘቢደር ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ የውኃ ኮዳዋን አንሥታ ወደ አዲሱ ቦታ አዛወረችና፣

«ስንት አመጣሽ?» ብላ ጮኸች።

የቡድኑ አምበልና አጥቂ ምንታምር ከመሐል ሜዳ ሆና ሁለት ጣቶቿን አወጣች። ሃያ ማለቷ ነው።

«ከሃያ?»

«ከመቶ ነው ባክሽ! ነገር አታብዢ!»

የዋቤ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን እንዲህ ነበር የሚኖረው። ሕጉ አጭር ነው። የቡድኑ አማካይ የትምህርት ውጤት ሦስት ነጥብ ከሆነ ጎሉ ሕጋዊ ስፋቱን ይይዛል፤ ከሦስት ከወረደ ይሰፋል፤ ከሦስት ካለፈ ይጠብባል። በ2061 ዓ.ም. ሲወጣ ጊዜያዊ ነው ተብሎ ነበር። አጥቂዋ ፊዚክስ ትወድቃለች፣ በረኛዋ ትቀጣለች። ይህን ያረቀቁት ሰዎች ወይ ኳስ ተጫውተው አያውቁም፣ ወይ ደግሞ ሲጫወቱ ሁሉም አጥቂ ነበሩ ብላ ዘቢደር ታምናለች።

ሕዝቡማ ከለመደው ቆይቷል። የዋቤ ደጋፊ የልጆቹን ስም ቢዘነጋ የእያንዳንዳቸውን የኬሚስትሪ ውጤት አይዘነጋም። የተቃራኒ ደጋፊ ደግሞ ምንታምር ኳስ በነካች ቁጥር «ኒውተን! ኒውተን!» እያለ ይዘምርባታል። የፈተና ሰሞን የስፖርት ጋዜጠኞች ከአዳራሹ መስኮት ሥር ተኮልኩለው በቀጥታ ያስተላልፋሉ፤ «ጥያቄ አራት ላይ ደርሳለች፣ እርሳሷን ነከሰች፣ አድማጮቼ፣ ላጲስ አነሣች!» ይላሉ። የካልኩለስ መምህሩ ጨዋታ ሲቃረብ ገበያ አይወጣም። አንዴ ሥጋ ቤት ገብቶ «ለዘቢደር አንድ ክንድ የጨመርክባት አንተ ነህ?» ተብሎ አጥንት ብቻ ተመዝኖለት ተመልሷል።

ዘቢደር ሦስተኛ ዓመት ናት። ሁለተኛ ደረጃ እያለችም በረኛ ነበረች፤ እዚያም ጎሉ ሰፊ ነበር። ልምምድ ላይ እንኳ ቋሚዎቹ ከነጥቡ አይላቀቁም። እናም ይህች በክልሉ ስሟ የተጠራ በረኛ ሰባት ሜትር ከሠላሳ ሁለት የሆነ ጎል፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ተራውን ጎል፣ በሕይወቷ አንድም ቀን ጠብቃ አታውቅም። ሌላው ሰው ቤት ወይም ባል ሲመኝ እሷ የምትመኘው ይህንኑ ነበር። አንድ ጨዋታ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ቢያሻቸው የጎሉን ቋሚ አንዱን ወልቂጤ ሌላውን ሆሳዕና ይትከሉት።

ዘንድሮ ደግሞ ምኞቷ የቅንጦት አልነበረም። ዋቤ ከሠንጠረዡ ግርጌ ተቀምጧል። እሑድ የመንገድና ድልድይ ኮሌጅን ካላሸነፈ ይታሸጋል፤ የታሸገ ቡድን አምስት ዓመት ኳስ አይነካም። ስለዚህ ዘቢደር ሴሚስተሩን ሙሉ ጓደኞቿን እንደ ፍየል ስትነዳ ከረመች። ቀመር ያልወጣላት ተከላካይ ኳስ አይደርሳትም። ሰውነት ሲያፍታቱ እንኳ በአንድ እግር ቆመው አንድ፣ ሁለት ሳይሆን የስታቲስቲክስ ትርጓሜ ነው የሚቆጥሩት። ነጥቡ ቀስ በቀስ ወጣ። የምንታምር ፊዚክስ ከነጉዱ ተደምሮም የሐሙሱን የስታቲስቲክስ ፈተና ደህና ከሠሩ ሦስት ነጥብ ይሞላል። ደግሞም አጥንተዋል። ምንታምር ራሷ «አማካይ ማለት አንዱ ሲያጠና ሌላው ሲተኛ የሚገኘው ነው» ብላ ስታብራራ መምህሩ አጨብጭቦላታል።

ረቡዕ ማታ የአሰልጣኙ የጋሽ ሸዋንግዛው እናት ዐረፉ።

ፈተናው ሐሙስ ከሰዓት በስምንት ሰዓት ነው። የአሰልጣኝ እናት ሞተው ለቅሶ አለመድረስ ግን የማይታሰብ ነገር ነው። ጠዋት ሄደው፣ አንድ ሰዓት ተቀምጠው፣ ለፈተናው ሊደርሱ ተስማሙ። ዐሥራ አንዱ በስፖርት ቱታቸው ላይ ነጠላ አዘቅዝቀው ሾፌር አልባዋ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቀጠቁና «ለቅሶ ቤት፣ ቀበሌ ዐሥራ አራት» አሏት። ሚኒባሷም ሳትጠይቅ ሳታመናታ አንድ ድንኳን ደጃፍ አራግፋቸው ሄደች።

ቀበሌ ዐሥራ አራት ውስጥ የዚያን ዕለት ሁለት ድንኳን ተተክሎ ነበር። ግን ድንኳን ካዩ ወዲያ ማን ይጠይቃል? ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ «የሞተው ማን ነው?» ማለት ከሞቱ በላይ ያሳፍራል። ምንታምር ደረቷን እየደቃች ቀድማ ገባች።

«እማማ! እናታችን! ለማን ጥለውን ሄዱ!»

ዐሥሩ ተከትለዋት አስተጋቡ። ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጥቁር የለበሰች አንዲት ሴትና ብዙ ባዶ አግዳሚ ወንበር ነበር። ከፊት ለፊት ግንባሩን የቋጠረ፣ ወፍራም ሪዝ ያለው ሰውዬ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ዘቢደር የምንታምርን ነጠላ ሳበች።

«ፎቶውን እዪው።»

«አይቼዋለሁ።»

«እና?»

«እኔ እንጃ፣ በሽታ ፊት ይቀይራል ብዬ ነው።»

ዘቢደር ልትወጣ ስትዞር ጥቁር የለበሰችው ሴት ተነሥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሰርካለም ትባላለች፤ የሟቹ የአቶ ዳርጌ አንድያ ልጅ ናት። ዐሥራ አንዱንም አንድ በአንድ አቅፋ አለቀሰች። ማናችሁ ብላ አልጠየቀችም። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ይነሣል? ትንሽ ተቀምጠን እንወጣለን ተባባሉ። ግን እነሱ ቢወጡ ድንኳኑ ባዶውን ይቀራል፤ አንዷ ለመነሣት ባሰበች ቁጥር ሰርካለም በምስጋና ዐይን ታያታለች፣ ልጅቷም መልሳ ትቀመጣለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ዘቢደር ጠጋ ብለው ነገሩን አጫወቷት። አቶ ዳርጌ ከሰው ሁሉ ተጣልቶ የኖረ ሰው ነው። ከጎረቤቱ በአጥር፣ ከዘመዱ በውርስ፣ ከእድሩ ደግሞ በአንድ ብረት ድስት ተካስሶ ስሙ ተሰርዟል። እድር የሌለው ሰው ቀባሪ የለውም። «እኛም የመጣነው» አሉ ሽማግሌው፣ «እውነት መሞቱን ለማረጋገጥ ነው።»

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሬሳው የሚወጣበት ጊዜ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ሣጥኑን አዩ፤ ከዚያም የዐሥራ አንዱን ልጆች ትከሻ አዩ። ዘቢደር ሰዓቷን ተመለከተች። አሁን ቢሮጡ ይደርሳሉ። ሰርካለም የሣጥኑን አንድ ጫፍ ብቻዋን ይዛ ልታነሣ ስትታገል ግን አየች። «ኧረ እግዚአብሔር ይይልሽ ምንታምር፣ ነይ ያዢ» አለችና የፊቱን ጫፍ ተሸከመች።

ዳገቱ ረጅም ነበር፤ አቶ ዳርጌም ከሞቱ በኋላ እንኳ የሚገፉ ከባድ ሰው ነበሩ። መቃብሩ ጋ ሲደርሱ ቆፋሪው ሬዲዮውን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ አስቀምጦ ያዳምጣል።

«ዐሥራ አንድ ባዶ ወንበር!» ይላል ጋዜጠኛው ድምፁ ተሰብሮ። «አድማጮቼ፣ የዋቤ ልጆች አዳራሹ ውስጥ የሉም! ይህ አዲስ ታክቲክ ይሆን?»

ቆፋሪው ራሱን ነቀነቀ። «ድሮም የነሱ ነገር አይሆንም» አለና አካፋውን ለምንታምር አቀበላት።

ጉዱ ዓርብ ፈላ። ጋሽ ሸዋንግዛው ለዘቢደር ደውለው «እናቴን ሕዝብ ቀበራት፤ ከልጆቼ ግን አንዲት አልመጣችም» ብለው ዘጉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጎሉን ሕግ የሚያስፈጽመው የሜዳና የክፍል ሚዛን ጽሕፈት ቤት ቃሏን ሊሰማ ጠራት። በሕጉ መሠረት ስለ ቡድኑ ቃል የሚሰጠው የሚጎዳው ሰው ነው፤ የሚጎዳው ደግሞ በረኛው ነው።

አቶ ናሁሰናይ የተባለው መርማሪ ለስለስ ያለ፣ የማይቆጣ፣ ስለዚህም የሚያስፈራ ወጣት ነበር። ሰርካለምም በምስክርነት ተጠርታ ጥቁሯን እንደለበሰች ከዘቢደር ጎን ተቀምጣለች።

«ልጆቹ ቀብሩ ላይ ነበሩ?» አላት።

«እነሱ ናቸው የቀበሩልኝ» አለች ሰርካለም። «ሌላ ማን ነበረኝ?»

«ነፍስ ይማር። እንግዲህ ዘቢደር፣ ሦስት መንገድ አለ» አለ ናሁሰናይ። «ሟቹ ዘመድ ከሆኑ ይቅርታ አለው፤ ዘመድ ግን አይደሉም፣ አረጋግጠናል። በስሕተት ሌላ ለቅሶ ገብታችሁ ከሆነም ይቅርታ አለው። ነገ ትፈተናላችሁ። ሦስተኛው ዝምድና ለሌለው ሰው ዐውቆ መሄድ ነው። እሱ በፈቃድ መቅረት ነው፤ ዜሮ ይያዛል።» የአሰልጣኙን እናት መሞት ሳይሰማ አልቀረም፤ ሁለተኛውን መንገድ ሲናገር በሩን ወለል አድርጎ የከፈተላት ያህል ነበር። «ሟቹን ታውቂያቸው ነበር?»

ዘቢደር መልሱ አፏ ውስጥ ነበር። ተሳስተን ነው ማለት ብቻ። ነገ ይፈተናሉ፣ እሑድ ቋሚዎቹ ተሰብስበው ሰባት ሜትር ከሠላሳ ሁለት ላይ ይቆማሉ። ግን ይህን ስትል ሰርካለም አጠገቧ ተቀምጣ ትሰማለች። ለአባቷ ያለቀሰ ሰው ቢኖር ሾፌር የሌላት ሚኒባስ በስሕተት ያራገፈቻቸው ልጆች ብቻ መሆናቸውን በመንግሥት ቢሮ፣ ሦስተኛው ቀን ሳይሞላ ትሰማለች። ዘቢደር አቃታት። በሆዷ ራሷን ሰደበች፣ ጎሉን ሰደበች፣ አቶ ዳርጌንም ሰደበች።

«አውቃቸው ነበር» አለች።

«በምን?»

«ጨዋታ ይመጡ ነበር። ከጎሌ ጀርባ ይቆሙና…» ለዚያ ለተቋጠረ ግንባር የሚስማማ ነገር ፈለገች። «ይሰድቡኝ ነበር።»

ሰርካለም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ዘቢደር ይህን አይታ ዐይኗ እንባ አቀረረ።

«ለሚሰድብሽ ሰው ፈተና ጥለሽ ሄድሽ?»

«አዎ።»

ናሁሰናይ ተነፈሰና ጠረጴዛውን በጣቱ ነካ። ከሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት፣ የዋቤ ሜዳ ላይ፣ ቋሚዎቹ ጓ ብለው መጓዝ ጀመሩ። ዐሥራ አንድ ሜትር ላይ ነበር የቆሙት።

ምንታምር ስትሰማ አበደች። «እንግዲያው አቶ ዳርጌን ጥሪያቸውና ይጠብቁልሽ! የሞተ ሰው እንዳይከፋው ብለሽ የቆምነውን ገደልሽን?»

«እሳቸው አይደሉም እኮ፣ ልጅቷ…»

«ልጅቷ ሃምሳ ዓመቷ ነው፣ ዘቢደር!»

ጋሽ ሸዋንግዛው ታሪኩን ከልጆቹ ሰሙ። «እናቴ ነፍሷን ይማርና ቀባሪ አላጣችም። የሌለውን ስለቀበራችሁ እሷ አትቀየማችሁም» አሉ። ቀጥለውም «እኔ ግን ተቀይሜያለሁ፤ ለዛሬ ተዉኝ» ብለው ወጡ።

እሑድ የመንገድና ድልድይ ልጆች ጎል ከቤት በር ትንሽ ሰፋ ቢል ነው። በረኛቸው ቋሚውን ተደግፋ ቆሎ ትቆረጥማለች። በወዲያኛው ጫፍ ዘቢደር ከግራ ቋሚ ቀኝ ቋሚ ስትሮጥ የሳር መንገድ አወጣች። ተወረወረች፣ ተንከባለለች፣ በአፍንጫዋም ሳይቀር አንድ ኳስ መለሰች። ብዙ ኳስ አዳነች፤ ቡድኑን ግን ማዳን አልቻለችም። ምንታምር ከሩቅ መትታ ያቺን የቤት በር የምታህል ጎል ስታገኝ ደጋፊው ዋንጫ የበላ ያህል ጮኸ። ጨዋታው ሰባት ለአንድ አለቀ።

የሚዛን ሰዎች ወዲያው ሜዳ ገብተው ቡድኑን አሸጉ። ደጋፊው እየተራገመ ወጣ። ልጆቹ መልበሻ ክፍል ገብተው ዘቢደርን ሳያናግሯት ተላቀሱ። እሷ ግን ጎሉ መሐል እንደተቀመጠች ቀረች። ተናዳለች። መልካም ሥራ የሠራ ሰው ደስ ይለዋል ሲባል ነበር የምትሰማው፤ እሷን ግን ጉልበቷን አመማት እንጂ ሌላ የተሰማት ነገር የለም።

ሰርካለም ጥቁሯን ለብሳ ከደረጃው ወረደችና ሣሩ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አባቴ ዐሥር ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልወረደም» አለች።

ዘቢደር ቀና ብላ አየቻት።

«ጓደኛሽ 'እናታችን' እያለች ስትገባ ነው ያወቅሁት። የሸዋንግዛው እናት ድንኳን ከኛ ኋላ ነበር። ልነግራችሁ ተነሥቼ ነበር፤ አጠገባችሁ ስደርስ አፌ እንቢ አለኝ። ብነግራችሁ ትሄዳላችሁ።»

«ታዲያ ሚዛን ቢሮስ፣ እትዬ? አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ እኮ…»

«ልናገር ነበር የሄድኩት። ተሳስተው ነው ልል ነበር። አንቺ አውቃቸዋለሁ አልሽ። አባቴን አውቀዋለሁ የሚል ሰው ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! ይሰድቡኝ ነበር ስትይ ደግሞ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እውነትም ከአልጋው መውረድ ቢችል መጥቶ ይሰድብሽ ነበር። ከሰው አፍ ሲነሣ ትንሽ ልስማው ብዬ ዝም አልኩ። እናንተን አስበላሁ። ይቅር በይኝ።»

ዘቢደር ልትቆጣ ፈለገች፣ ቁጣው ግን መጥቶ መንገድ ላይ ቀረ። «እኔም እኮ ዋሽቻለሁ» አለች።

ያኔ የግራው ቋሚ ጓ አለ። ሁለቱም ደነገጡ። የታሸገ ቡድን ተማሪ የለውም፣ ተማሪ የሌለው ነጥብ የለውም፣ ነጥብ የሌለውን ጎል ደግሞ ሕጉ የሚቀጣበት ምክንያት የለውም። ቋሚዎቹ ከወዲያና ከወዲህ በሐዲዳቸው ላይ እየተንፏቀቁ መጡና ቆሙ። ዘቢደር ተነሣች። በእርምጃ ለካችው። እጇን ወደ ላይ ሰደደች፤ ግራና ቀኝም አየች። ጎሉ እንዴት ትንሽ ነው! ይህንን ነው ሌላው ዓለም ሲጠብቅ የኖረው? ልቧ እንደ ሕፃን ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

ሰርካለም ተነሣች። ወድቃ የቀረች አንዲት ኳስ ፈልጋ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ ላይ አስቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች።

«እትዬ፣ ኳስ መትተው ያውቃሉ?»

«ዳርጌ ይፈቅድ ነበር ብለሽ ነው?»

ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ተንደረደረች። ዘቢደር የእግሯን አቅጣጫ አነበበች፤ ወደ ቀኝ ነው። እንደ ልማዷ፣ ሦስት ዓመት እንዳደረገችው፣ በሙሉ ኃይሏ ወደ ቀኝ ተወረወረችና በግንባሯ ቋሚውን አገኘችው። ሜዳው በሙሉ አስተጋባ። ኳሷ እያዘገመች አልፋት ገባች።

«ውይ በሞትኩት! ልጅቷን ገደልኳት!» እያለች ሰርካለም በባዶ እግሯ ሮጣ ደረሰች። የዘቢደርን ግንባር በመዳፏ ይዛ እብጠቱን ስታይ ግን ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ብትጭነውም አላስቆመውም፣ ሆዷን ይዛ ሣሩ ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ሐዘን የተቀመጠች ሴት እንዲያ ስትስቅ ማንም አይቶ አያውቅም።

ዘቢደር ቋሚውን ይዛ ቀስ ብላ ተነሣች። ከላይ እስከ ታች በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ ጎሉ መሐል ተመለሰችና ጓንቷን አጠበቀች።

«እንደገና ይምቱልኝ» አለች። «አሁን የት እንዳለ አውቄዋለሁ።»